መንገደኛዋ ድምፅ

ኃይለጊዮርጊስን መጀመሪያ ያየሁት የብስክሌት ፍሬን ገመድ ፈትቶ ከውስጡ አንዲት ቀጭን ሽቦ ሲመዝዝ ነው። በ1973 ዓ.ም. የጊታር ክር አዳማ ውስጥ አይገኝም ነበር። ሽቦዋን ጊታሩ ላይ ወጥሮ በጆሮው እያዳመጠ ቁልፉን ቀስ ብሎ ያዞራል። የጣቶቹ ጫፎች ተቆራርጠው እንደ ተረከዝ ደድረዋል።

ወንጂ፣ ከሸንኮራ ቆራጭ ቤተሰብ ነው የተወለደው። ቀን ብስክሌት ይጠግናል፤ ከሥራ በኋላ በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ጊታር ይጫወታል። እኔ መሪ ድምፃዊት ነበርኩ።

ለአውራጃው ውድድር በባቲ ቅኝት አንድ መዝሙር አጠናን። መሐሉ ላይ እሱ ብቻውን እንደመጣለት ይጫወታል። አራተኛዋን ድምፅ በግማሽ ከፍ አድርጎ ያንጠለጥላታል። ከአንድ ጡረተኛ የጦር ሠራዊት ሙዚቀኛ የተማረው ነው፤ «ልዲያን» ይለዋል። ስሰማት ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ብድግ ይላል። እኛ ኖታ አናውቅም፤ ጊታሩ ያቆመበትን ድምፅ ይዘን ነበር የምንገባው።

«ዘርፉ፣ ይቺ ድምፅ መንገደኛ ናት» አለኝ። «አምስተኛዋ ጋ ሳትደርስ ተከትለሻት እንዳትገቢ።»

«ሕፃን መሰልኩህ እንዴ?»

«ሕፃንማ ቢሆን ይሰማኝ ነበር» ብሎ ሳቀ።

በውድድሩ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ኃይለጊዮርጊስ ያቺን ድምፅ ከልምምዱ ይልቅ ትንሽ አስረዘማት። የሰዉ ዓይን አስጨነቀኝና በዚያችው ድምፅ ገባሁ። ተቀባዮቹም ተከተሉኝ። እሱ አምስተኛዋ ላይ ሲያርፍ እኛ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብለን ቀረን።

«ኧረ ፍየሎቹን ወደ በረት አስገቧቸው!» አለ ከሞጆ ቡድን አንዱ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ከመጋረጃው ጀርባ የቀበሌያችን ካድሬ ጓድ ጆቴ ጠበቀን። «ማነው ያዋረደን?»

ሁሉም እኔን አየ።

«ጊታሩ ነው» አልኩ። «ያላጠናነውን ድምፅ አመጣብን።»

ኃይለጊዮርጊስ አንድ ጊዜ አየኝና ጊታሩን ከአንገቱ አወረደ። ጊታሩ የቀበሌው ነበርና እዚያው ተቀበሉት። ከቡድኑም አስወጡት። ከዚያ ወዲህ ሲጫወት ያየው ሰው የለም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ግን ቀድሞ ቆቡን እያነሳ «ደህና ነሽ ወይ ዘርፉ?» ይለኝ ነበር። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ እውነቱን ልናገር ወስኜ ወደ ቀበሌ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ላለው የኅብረት ሱቅ ሳሙና መጥቶለት ሰው ተሰልፏል። ጓድ ጆቴ በሩ ላይ ቆሟል።

«ምን ፈልገሽ ነው ዘርፉ?»

«ሳሙና» አልኩት። ተሰልፌ፣ ሁለት ሳሙና ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።