ከነጥቡ አጠገብ ያለችው

“የጀርሞቹ እናት” ይሏታል፤ በስሟ የሚጠራት የለም። በዚያ ቤተ ሙከራ ጠጉሯ እስኪሸብት ባክቴሪያ ስታዛውር ኖራለች። ጠርሙስ አጣቢው ባያት ቁጥር፣ “ዛሬስ አጠባሻቸው?” ይላታል።

ባክቴሪያዎቹ ሁለት ወገን ነበሩ። አንደኛው ወገን ከጠርሙስ ወደ ጠርሙስ በሚሊዮን ይገለበጣል። ከሁለተኛው ወገን ግን ሳህን ላይ ከበቀሉት የባክቴሪያ ጉብታዎች አንዲቷ ብቻ በሽቦ ጫፍ ተነክታ ወደ አዲስ ሳህን ታልፋለች። የቀሩት ይጣላሉ።

ዶክተሩ ገና ሲቀጥራት አስጠንቅቋት ነበር። “ሲበዙ ደካማው በብርቱው ተገፍቶ ይጠፋል። አንዲት ብቻ ስታልፍ ግን ዕጣ ነው፤ በጂኗ ላይ ያለው ስህተት አብሯት ያልፋል፣ በላይ በላዩም ይጠራቀማል። እኛ የምንለካው ያንን ነው። እንዳትመርጪ! ከሳህኑ ሥር ካለው የቀለም ነጥብ አጠገብ ያለችውን አንሺ፤ ትልቅም ትሁን ኮሳሳ።”

መጀመሪያ ታዘዘች። እያደር ግን የአንዲቷ ወገን መነመነ፤ ጉብታዎቹ የሰናፍጭ ፍሬ አከሉ፤ አንዳንዱ ሳህን ጭራሽ ባዶውን ያድር ጀመር።

እሷም ለእናቷ የተረፈች አንዲት ልጅ ነበረች። “አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም” እየተባለ ከደጅ ስትከለከል፣ ለትዳር የጠየቃት ሁሉ ሲመለስ አረጀች። ያን አባባል እንደ እሬት ስትጠላው ኖራ፣ አንድ ቀን ሳህኑ ላይ ስታጎነብስ ከገዛ አፏ ወጣ። ከነጥቡ አጠገብ ያለችውን ከሲታ ትታ፣ ራቅ ብላ የወፈረችውን አነሳች። ከዚያ ወዲህ ዓመታት ሙሉ እንደዚያው አደረገች።

በመጨረሻ ጂኖቹ ሲነበቡ ዶክተሩ አስጠራት።

“ጎጂው ስህተት ሲጠራቀም መጥቶ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ዕጣ እንዲህ አይሠራም። ትመርጪ ነበር?”

“ሊያልቁ ነበር እኮ፣ ዶክተር።”

“ማለቃቸውም መልስ ነበር!” ጠረጴዛውን መታ። “አሁን ምን እንደያዝን የሚያውቅ የለም። የሁላችንንም ዕድሜ ነው ገደል የከተትሽው። ሂጂ፣ ራስሽ ቀቅያቸው። ነገ አትምጪ።”

ሳህኖቹን አንድ በአንድ እንፋሎት ማምከኛው ውስጥ ደረደረቻቸው። ጠርሙስ አጣቢው በዚያ ቀን አልቀለደም፤ ክዳኑን ብቻ ገፋላት።

ቤቷ ስትደርስ አሮጊቷ እናቷ በር ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር።

“አንድ ዓይኔ፣ ምነው ቆየሽብኝ?”

“በአፈር ስጫወት ነው፣ እማዬ።”

“በይ እጅሽን ታጠቢ” አሏትና በሩን ከኋላዋ ቀረቀሩት።