በወርቅ ሚዛን የተመዘነ ክንድ

ከፒያሳ ወደ ዶሮ ማነቂያ በሚያወርደው መንገድ ዳር ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም ጠባብ ሱቅ ነበረች። በሯ ላይ «አስገዶም ሬዲዮና ግራማፎን ጥገና» የሚል ጽሑፍ አለ። አስገዶም ግን ከሁለት ዓመት በፊት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ «ለአንድ ጥያቄ ትፈለጋለህ» ተብሎ እንደወጣ ቀርቷል። ማን እንደጠቆመው፣ በምን እንደጠቆመው ሚስቱ ለተክርስቶስ አታውቅም። የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሆነ ሰው የሆነ ቦታ ስሙን ጠርቷል።

ለቅሶ መቀመጥ እንኳ አልተፈቀደላትም። በሦስተኛው ቀን ሱቁን ከፍታ የእሱ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አጠገቡ ሆና ባትሪ ስታበራለት፣ ሽቦ ስትልጥለት፣ የወደቀ ብሎን ስትፈልግለት ኖራለች። «በዓይኔ ነው የተማርኩት» ትላለች ሲጠይቋት። እጇ እንደ እሱ አይፈጥንም፤ ጆሮዋ ግን ይበልጠው ነበር። ሬዲዮ ሲያመጡላት ሳትከፍተው ዝም ብላ ታዳምጥና «ይሄ ጉንፋን ነው የያዘው፤ ያኛው ግን አርጅቷል፣ አትድከሙ» ትላለች። የሰፈሩ ሰው ይስቃል፤ ሬዲዮውን ግን ትቶላት ይሄዳል። ከዚያች ሱቅ በቀር በዚህ ዓለም የእኔ የምትለው አልነበራትም።

የ1971 ክረምት ሊያልቅ ሲል የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ፈቀደ መጥቶ ደጃፏ ላይ ቆመ። ጃንጥላውን እንኳ አላጠፈም።

«እህት ለተክርስቶስ፣ ይሄ ቤት የቀበሌ ቤት ነው። የተከራየው ባለሙያ ነበር፤ አሁን ባለሙያው የለም።»

«እኔስ፣ ጓድ ሊቀመንበር?»

«አንቺማ ሚስቱ ነሽ።» ክፉ ሰው አልነበረም፤ የፈራ ሰው ነበር። «የልብስ ስፌት ማኅበሩ ቤት አጥቶ በረንዳ ላይ ይሰፋል። በየስብሰባው እኔን ነው የሚወጥሩኝ። ባለሙያ ነኝ ካልሽ አሳዪና! የአዳራሹ ሸክላ ማጫወቻ ክንዱ ተሰብሯል። ለመስከረም ሁለት፣ ለአብዮት በዓል፣ ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት እንግዶች ይመጣሉ። የበዓሉን መዝሙር ካሰማሽልኝ ቤቱን በስምሽ እንዋዋላለን። ካልሆነ ቁልፉን ታስረክቢያለሽ።»

በማግስቱ ማጫወቻውን በትከሻው ተሸክሞ ያመጣላት የአዳራሹ ጥበቃ አባይነህ ነው። አባይነህ ጠመንጃ ከመያዙ በፊት ዶሮ ማነቂያ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ አሥር ዓመት ሸክላ ሲያዞር የኖረ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነበር።

«እትዬ ለተ፣ በሽተኛ ይዤልዎት መጣሁ። ክንዱ ከትከሻው ተቆርጧል።»

«ምን አግኝቶት?»

«ለሠራተኞች ቀን በጭነት መኪና ሲወስዱት ወደቀ። ሠራተኛውን በበዓሉ ቀን አሠሩት፤ እሱም እጁን ሰጠ!»

ለተ ሳትወድ ሳቀች።

እሱ ሲሄድ የአስገዶምን መሳቢያ ሳበች። መርፌውን ተሸክሞ ሸክላው ላይ የሚመላለሰው ክንድ በገበያ የሚገኝበት ዘመን አልነበረም፤ ዕቃ ከውጭ መግባት ካቆመ ቆይቷል። መሳቢያው ውስጥ ግን ሁለት ነበሩ። አንደኛው ጥቁር፣ ወፍራም፣ እንደ በሬ አንገት የከበደ፣ ከመጠጥ ቤት ማጫወቻ የተፈታ ነው። ሸክላውን እንደ ማረሻ ያርሰዋል፤ ድምፁም አፈር አፈር ይላል። ቢሆንም ከመስመሩ ንቅንቅ አይልም። ሁለተኛው ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነበር። አስገዶም አገር ለቆ ከሚሄድ አንድ አርመን ላይ ነው የገዛው። ስንት ሰው ለምኖት አልሸጠውም። «ለዚህ የሚሆን ማጫወቻ ገና አልመጣም» ይል ነበር፤ እያወጣ ይወለውለውና መልሶ ይጠቀልለዋል።

ለተ ሁለቱን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ ቆየች። ጥቁሩ መዝሙሩን ያሰማል። ግን ጥቁሩን ማንም ይገጥመዋል። ባለሙያ መሆኗ ነው የተጠየቀው። ጨርቁን ፈታች።

የመገጣጠሙ ሥራ አራት ቀን ፈጀ። ቀጭኑ ክንድ ከተሰበረው በአንድ ጣት ይረዝማል፤ በድሮው ቀዳዳ ቢተከል መርፌው ሸክላውን በጎኑ ይፍቀዋል። አስገዶም ለእንዲህ ያለው ሥራ ከካርቶን የቆረጠው መለኪያ ነበረው፤ አንዱ ጫፉ መሃሉ ላይ ባለችው ዘንግ ይሰካል፣ ሌላው ጫፉ የክንዱ እግር የት እንደሚያርፍ ያሳያል። በእርሳስ «ሁለት ጊዜ ለኪ፣ አንድ ጊዜ ብሺ» ብሎ ጽፎበታል። ማንን እያናገረ እንደጻፈው ያኔ አልጠየቀችውም። ሦስት ጊዜ ለክታ በእጅ መሰርሰሪያ በሳች። ከፀጉር የቀጠኑትን አራት ሽቦዎች ትንፋሿን ይዛ በየደች።

የቀረው ክብደቱ ነበር። መርፌው ሸክላውን በሦስት ግራም መጫን አለበት፤ ቢያንስ ይዘላል፣ ቢበዛ ይቧጥጣል። ሦስት ግራም የሚለይ ሚዛን ያለው ደግሞ ወርቅ ቤት ነው። አስገዶምም እንደዚሁ ያደርግ ነበር። የሩፋኤል ዕለት፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ማጫወቻውን በላስቲክ ሸፍና በጀርባዋ አዝላ ወደ ላይ፣ ወደ አቶ ዓምደሚካኤል ወርቅ ቤት ወጣች።

ሽማግሌው መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አዩዋት። «ልጅ አዝለሽ መጣሽ እንዴ?»

«ልጅ ቢሆንማ ለሚዛን አላመጣውም ነበር፣ ጋሼ።»

«ስንት ይሁንልሽ?»

«ሦስት ግራም።»

«ሦስት ግራም! ዘንድሮ ሙሽራ እንኳ ይህን ያህል ወርቅ አታስመዝነኝም።» ከእንጨት ሣጥናቸው ሚዛኑን አወጡ። በአንዱ ሳህን ላይ ሦስት ግራም አስቀመጡ፤ በሌላው ለተ የመርፌውን ጫፍ አሳረፈች። ከክንዱ በስተኋላ ያለውን ክብደት በጥፍሯ እያሽከረከረች ስታስጠጋና ስታርቅ፣ ሁለቱ ሳህኖች ድንገት እኩል ቆመው ጸጥ አሉ። ሽማግሌው ክንዱን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ይሄ የሙሽራ ጣት ቀለበት ነው፣ ልጄ። የምታጠልቂው ግን ለእንጨት ፈላጭ ነው።»

«እንጨት ፈላጩም አንድ ቀን ይሞሸር፣ ጋሼ» አለች። ተሳሳቁ። ነገሩ ሳይገባት ቀርቶ አይደለም፤ እንዲገባት ስላልፈለገች ነው።

መስከረም ሁለት በማለዳ አዳራሹ ገባች። አዳራሹ የተወረሰ የድሮ ቤት ፎቅ ነው፤ ወለሉ ጣውላ ሆኖ ሲረግጡት ሲጢጥ ይላል። ሲጢጥታውን ሰማችው። ያ ሁሉ የሚሰማ ጆሮዋ ግን በዚያን ቀን ሌላ ነገር ለመስማት ቸኩሎ ነበር። መርፌውን ባዶ አዳራሽ ውስጥ አሳረፈችው። ድምፁ እንደ ምንጭ ውኃ ጠርቶ ወጣ። ጓድ ፈቀደ ኮፍያውን አወለቀ።

«እሰይ! ባለሙያ ነሽ እኮ! ነገ ነይ፣ ውሉን እንፈራረማለን።»

አሥራ አራቱ ዓመት በአንድ ጊዜ ደረቷ ላይ ወጣ፤ አልቅሳ እንዳታሳፍር ሽቦ የምታስተካክል መስላ ጎንበስ አለች።

ሦስት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። ከከፍተኛው የመጡት እንግዶች ከፊት ተቀመጡ። የወጣት ማኅበሩ አባላት በሰልፍ ገቡና ባሉበት መርገጣቸውን ቀጠሉ፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። ሕዝቡ ተነሥቶ የግራ እጁን ጨብጦ አነሣ። ለተ መርፌውን አወረደች። መዝሙሩ ጀመረ፤ ሁለት ስንኝ ሄደ።

ከዚያ ጣውላው ተንቀጠቀጠ፤ መርፌው ዘለለ። መዝሙሩ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ እንደገና ጀመረ፣ እንደገና ዘለለ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ዋጠው።

አባይነህ ከበሩ ተስፈንጥሮ መጣ። ለማገዝ ነው። በዶሮ ማነቂያ መጠጥ ቤቶች ሸክላ በዘለለ ቁጥር ሰው ሁሉ የሚያደርገውን፣ እሱም በየምሽቱ አሥር ዓመት ያደረገውን አደረገ። ከኪሱ ሃያ አምስት ሳንቲም አወጣና የክንዱ ራስ ላይ፣ ልክ ከመርፌው በላይ አስቀመጠ። ለተ እጇን ዘረጋች፤ አልደረሰችም። በወርቅ ሚዛን የተመዘነው መርፌ በሳንቲሙ ክብደት እጥፍ አለና ክንዱ በሆዱ ሸክላው ላይ ተኛ። የብረት ጩኸት በድምፅ ማጉያው ከአዳራሹ እስከ መንገዱ ተሰማ። መዝሙሩ ሞተ።

የተጨበጡት እጆች ሁሉ እንደተነሡ ቀሩ።

ከእንግዶቹ አንዱ፣ አጭር፣ ድምፁ የለሰለሰ ሰው፣ ተነሥቶ መጣ። «ይሄ አጋጣሚ ነው ወይስ አሻጥር? ማነው የነካው?»

አሻጥር የሚለው ቃል ምን እንደሚያስከትል የማያውቅ እዚያ አልነበረም። አባይነህ ፊቱ አመድ መሰለ። ለተ ሰውየው ከመድረሱ በፊት ሳንቲሙን ከክንዱ ላይ አንሥታ መዳፏ ውስጥ ጨብጣዋለች። አንድ ቃል ይበቃል። «ሳንቲም አስቀመጠበት» ብትል እሷ ነፃ ናት፤ ሱቁም የእሷ ነው። የሆነ ሰው የሆነ ቦታ የባሏን ስም እንደጠራው እሷም አንድ ስም መጥራት ነው።

«እኔ ነኝ፣ ጓድ» አለች። «ክንዱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ለዚህ ወለል አይሆንም ነበር። ሙያ ስለጎደለኝ ነው።»

ጓድ ፈቀደ ቶሎ ጣልቃ ገባ። «እውነቷን ነው፣ ባለሙያ አይደለችም። ባሏ ነበር ባለሙያው። ሴትዮዋ የዋህ ናት!» ለራሱም ለእሷም ነው የተናገረው። ሰውየው ካያት በኋላ እጁን አወናጭፎ ወደ ቦታው ተመለሰ። መዝሙሩን ሕዝቡ በአፉ ዘመረው።

በሦስተኛው ቀን ቁልፉን አስረከበች። ጓድ ፈቀደ ዓይኗን ሳያይ ፈረመ። ለእሷ የተፈቀደላት መሳቢያውን መውሰድ ብቻ ነው። ስትወጣ አባይነህን ማዕዘኑ ላይ ቆሞ አገኘችው። ቀልድ አልነበረውም።

«እትዬ ለተ... እኔ እኮ ሁሌም እንደዚያ ነበር የማደርገው።»

«አውቃለሁ። ጥቁሩን ገጥሜው ቢሆን ሳንቲምህም ባላስፈለገ ነበር። ሰው የማይበዛበት ይመስል አዳራሹን ባዶውን ሞከርኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አታልቅስብኝ።»

«ሱቁስ?»

ሳንቲሙን ከመቀነቷ ፈትታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። መሳቢያውን ታቅፋ ቁልቁል ወረደች፤ ውስጡ ጥቁሩ ክንድ በየእርምጃዋ ከእንጨቱ ጋር ይጋጫል። ከኋላዋ፣ ገና ጽሑፉ ካልወረደው በር ውስጥ፣ የመጀመሪያው የስፌት መኪና ሲሠራ ይሰማል። ሳትፈልግ አዳመጠችው። ዘይት ይጎድለዋል።