የጉርሻ እጅ

ንፋስ መውጫ ውስጥ ባዮሎጂ ከማስተምርበት ክፍል ነው የወሰዱኝ። የክንድ ጡንቻ ሰሌዳው ላይ ስዬ ነበር። የታጠቁ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው «መምህር፣ አንዴ ይፈለጋሉ» አሉኝ። ጠመኔውን አስቀምጬ ወጣሁ።

ያስገቡኝ የእህል መጋዘን ነው። የሻገተ ስንዴ ይሸታል። ጥግ ላይ አንድ የስማዳ ገበሬ፣ ሽማግሌ፣ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። የያዟቸው ልጃቸው ጫካ ገብቷል ተብሎ ነው። ሁለት እጃቸውን የፊጥኝ አስረው ሲያጓጉዟቸው ስለዋሉ፣ ከተፈቱም በኋላ ጣቶቻቸው አልታዘዝ አሏቸው።

ምግብ ሲመጣ ፊታቸውን አዞሩ። ቆርሼ ላጎርሳቸው ስል «እንደ ሕፃን?» አሉ። ርቧቸው ስለነበር ጎረሱ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቀረረ።

«አጥንቱ አልተሰበረ፤ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚዝለው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ጡንቻ እንደ ቃጫ ገመድ ነው አባቴ» አልኋቸው። «ቀጫጭን ክሮች በስስ ሽፋን ተጠቅልለው ይታሰራሉ። በየክሩ ውስጥ ደግሞ ከዚያም የቀጠኑ አሉ፤ አንዱ በሌላው ላይ ሲንሸራተት እጅ ይታጠፋል። የሚያዛቸው ነርቭ ነው። እስሩ እሱን ጎድቶታል።»

«ይመለሳል?»

«አላውቅም። ጡንቻው ሥራ ከፈታ ግን ይሰልላል።»

«እንግዲያ ሥራ አናስፈታው» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጣቶቻቸውን እያጠፍሁ እዘረጋላቸው ጀመርሁ። እሳቸው ስላልታጨደው ገብሳቸው ያወሩኛል። ክንዳቸው እየከሳ ሄደ፤ የቀኝ እጃቸው ጣቶች ግን ቀስ በቀስ መንቀሳቀስ ጀመሩ።

አንድ ቀን ምሳ ሲመጣ «ቆይ» አሉኝ። በቀኝ እጃቸው እንጀራ ቆረሱ፤ ወደቀባቸው። እንደገና ቆረሱ። ሊበሉ ነው ስል ወደ እኔ ዘረጉት።

«በል፣ አፍህን ክፈት።»

ጎረስሁ።

ብዙም ሳይቆይ ጠርተው ወሰዷቸው፤ አልተመለሱም። መሞታቸውን የሰማሁት ከተፈታሁ በኋላ ነው። ስማዳ ወርጄ ቤታቸውን አፈላልጌ አገኘሁ። ባለቤታቸው ጥቁር ለብሰው ተቀበሉኝ።

«እጁ አልሠራ ብሎት ነበር አሉ። ማን ያጎርሰው ነበር?»

«እኔ ነበርሁ እናቴ። በኋላ ግን እሳቸው አጎረሱኝ።»

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ። ቆይተው «እሱ መቼም ሰው ሳያጎርስ በልቶ አያውቅም» አሉ።

ዛሬ ማዕድ ላይ ሰው ሊያጎርሰኝ እጁን ሲዘረጋ እምቢ አልልም። ለመዋጥ ግን ጥቂት እቆያለሁ።