ጋሼና የእህቴ ጣውንት

የእህቴን ባል ጋሼ ነው የምለው። ከጣቢያችን ተነስታ ሐይቁ ዳር የምትደርሰውን ትንሽ የእንፋሎት ባቡር ሃያ ሁለት ዓመት ነድቷል። መንገዱ ሁሉ ተለክቶ አምስት ኪሎ ሜትር ነው። "ይህን ያህል ዘመን ሄዶ የትም ያልደረሰ ሰው" ብሎ ሊቀልድበት የሚፈልግ ካለ፣ እህቴ ቀድማዋለች።

እህቴ በጣቢያው መስኮት ትኬት ትሸጣለች፤ እኔ ፉርጎዎቹ ውስጥ እየዞርኩ ትኬት እበሳለሁ። ሦስታችንንም ያኖረችን ያቺ አረንጓዴ ባቡር ናት፣ እግዚአብሔር ይስጣት። እህቴ ግን "ጣውንቴ" ነው የምትላት። ጋሼ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ እሳቷን ያቀጣጥላል፣ ነሐሷን በጨርቅ ያሻል፣ መገጣጠሚያዎቿን ዘይት ይቀባል። "እኔን እንዴት አደርሽ ሳይል የእሷን ሆድ ይዳብሳል" ትላለች። በመንገድ ላይ ብስክሌተኞች አልፈዋት እየሄዱ "እንጎትትሽ ወይ?" ይሏታል። ጋሼ ፊሽካ ይነፋባቸዋል እንጂ አይመልስም።

የጋሼ ችግር ዓይኑ ነው። መነጽር ከታዘዘለት ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ መነጽሩ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። "እንፋሎት ያደበዝዘዋል" ይላል እሱ። "ሽማግሌ ያስመስለኛል ብሎ ነው" ትላለች እህቴ።

ባለፈው ዓመት አዲስ ደንብ ወጣ። ስልሳ ዓመት ያለፈው ነጂ ከመርማሪ ጋር አንድ ዙር ይሄዳል፤ ካለፈ ይቀጥላል፣ ካላለፈ ቢሮ ገብቶ ቀላል ሥራ ይሠራል። ጣቢያችን ያለው ቢሮ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእህቴ ትኬት መሸጫ።

"ሁለታችን በዚህች ክፍል?" አለች እህቴ። "ከሁለት አንዳችን በመስኮት እንወጣለን።"

ጋሼ አልሳቀም። በኋላ ለብቻዬ ጠርቶኝ "ሌላ ሰው ሲነዳት ቆሜ ማየት አልችልም" አለኝ። ድምፁ ሲሰበር የሰማሁት ያኔ ነው። እኔም ጸለይኩለት። ከጸሎቱ ጋር መነጽሩን እንዲያደርግ ብመክረው ኖሮ ይሻል ነበር።

ከቦይለሩ ጎን የቆመ የብርጭቆ ቱቦ አለ፤ ቦይለሩ ውስጥ ያለው የውሃ ልክ በእሱ ይታያል። ውሃው ግማሽ ላይ ከሆነ ደህና ነው። ክፋቱ ቱቦው ባዶ ሲሆንም እስከ ጫፉ ሲሞላም መልኩ አንድ መሆኑ ነው፤ ሁለቱም ጥርት ያለ ብርጭቆ ይመስላሉ። ለመለየት ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ቧንቧ ከፈት አድርጎ ማየት ነው፤ ሦስት ሰከንድ አይፈጅም። ይህን ለጎብኚ ሁሉ የሚያስረዳው ራሱ ጋሼ ነው።

መርማሪው ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ፤ ወጣትና ትሑት ሰው ነው። ጋሼ ቱቦውን አየ። ውሃው ግማሽ ላይ ነበር፤ እሱ ግን አልታየውም። ቧንቧዋን ቢከፍት መርማሪው "እንኳን ሌላ ይህንንም ተጠራጠረ" የሚለው መሰለው። ስለዚህ ዝም ብሎ ውሃ ጨመረ። አየ፣ አሁንም ምንም የለም። ደግሞ ጨመረ።

ተነሳን። ዳገቱ ጋ ስንደርስ ባቡሯ ሁለት ጊዜ እንደ ማሳል አለችና በጭስ ማውጫዋ ጥቀርሻ የበዛበት ውሃ ተፋች። መርማሪው አንገቱን አውጥቶ ሐዲዱን ያይ ስለነበር ድርሻውን ሙሉ በሙሉ ተቀበለ። የፊተኛው ክፍት ፉርጎ ተሳፋሪዎችም ተዥጎረጎሩ።

"ይሄም ትኬቱ ውስጥ አለ?" አለችኝ አንዲት ሴትዮ ፊቷን እየጠረገች።

"ምርቃት ነው እናቴ" አልኳት።

ጋሼ ወዲያው ፍሬን ይዞ አቆመ። ጨርቅ ይዤ ወደ ፊት ሮጥኩ። መርማሪው ዓይኑን ካበሰ በኋላ ቦይለሩን ሽቅብ ቁልቁል አየው።

"አርጅታለች ማለት ነው?" አለ። "የቦይለሩ ጥፋት ከሆነ እርስዎን አይመለከትም። እሷን እናሳርፍና በናፍጣ የሚሄድ እናመጣለን። እርስዎ ይነዱታል።"

አንድ "አዎ" ብቻ ነበር የሚፈለገው። ጋሼ እጁን በሱሪው ጠረገ።

"እሷ ምን አደረገች?" አለ ጋሼ። "ያለ ልክ ያጠጣኋት እኔ ነኝ። ውሃው አልታየኝም፤ ቧንቧዋን ለመክፈት ደግሞ አፈርኩ። መነጽር አለኝ፣ ቤት ነው።"

"ቤት ምን ይሠራል?"

"ያርፋል።"

መርማሪው ሳቀ፤ ከፊቱ ላይ ነጭ የቀረው ጥርሱ ብቻ ነበር። "ዛሬ አላለፉም" አለ። "በሳምንቱ መነጽርዎን አድርገው ይጠብቁኝ። እኔም ጥቁር ሸሚዝ ለብሼ እመጣለሁ።"

እንዳለውም መጣ። ጋሼ መነጽሩን አድርጎ ቧንቧዋን ያለ ሐፍረት ሦስት ጊዜ ከፈተ፣ አለፈም። ፈጣሪ ይመስገን፤ እህቴም ክፍሏ ተረፈላት።

የዚያን ቀን ሥራ ሲያልቅ ጋሼ መስኮቱ ጋ መጥቶ ቆመ፤ የሆነ ነገር የከነከነው ይመስላል።

"ሐይቁ አጠገብ ኩርባው ላይ የሚቆሙት ሰውዬ አሉ አይደል?" አለ።

"የትኞቹ ሰውዬ?" አለች እህቴ።

"ባለፍኩ ቁጥር እጄን አንስቼ ሰላም የምላቸው። አንድ ቀን መልሰውልኝ አያውቁም። ዛሬ ሳያቸው ግንድ ናቸው።"

እህቴ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። እንባዋን ስትጠርግ "ታዲያ ምን አደረግህ?" አለችው።

"ሰላም አልኳቸው" አለ ጋሼ። "ስንት ዓመት ኩሩ ናቸው እያልኩ ሳማቸው ኖሬ፣ ዝም ብዬ ልለፋቸው?"