ወንፊቱ ላይ የቀረው ከሰል

ወንድሜ ሚስት አግብቶ ላፍቶ ቤታችን ይዟት እስኪመጣ ድረስ የአባቴን ትምባሆ የምጠቀልለው እኔ ነበርኩ። በደርግ ጊዜ ፓኮ ሲጋራ እንደልብ አይገኝም፤ አባቴ የገበያ ትምባሆ በስስ ወረቀት ያስጠቀልለኝ ነበር። ሐኪም ተው ቢለው እንቢ ስላለ፣ ጉሮሮውን እንዳይከረክረው ጫፉ ላይ ጥጥ እወትፍለት ነበር። ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም፤ ከአባቴ ጋር የምንጫወተውም ስጠቀልልለት ብቻ ነበር።

ሙሽራዋ በገባች በሳምንቱ አጎቷ ከውጭ አገር ያመጣውን የሲጋራ ማጣሪያ በትንሽ ቆርቆሮ አቀረበችለት።

"አባባ፣ ይሄኛው ውስጡ ከሰል አለው። ጭሱን ያጣራል።"

አባቴ ሳበና፣ "ኧረ ይሄስ ይለሰልሳል! የልጄ ጥጥ እንግዲህ ጡረታ ይውጣ" አለ።

ሁሉም ሳቁ። እኔም የሳቅሁ መስዬ ማድቤት ገባሁ።

ከሰል ከሆነማ እኛ ቤት ሞልቷል። በሙቀጫ ወቀጥኩ፤ እንደ በርበሬ ነፍቼ የላመውን በጥጥና በጥጥ መሃል ከትቼ ሰጠሁት። አባቴ ቢስበው ቢስበው ጭስ የለም። ጠንከር አድርጎ ሲስበው ዱቄቱ አፉን ሞላው፤ ከንፈሩም ጥርሱም ጠቆረ።

"ውይ አባባ፣ አፍዎን ተኳሉ እንዴ?" አለች ሙሽራዋ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግስቱ አባቴ አጭሶ የጣለውን የሷን ማጣሪያ አንስቼ ቀደድኩት። ዱቄት የለውም፤ እንደ አሸዋ ያለ ጥቁር ፍሬ ነው። ለካ የሚፈለገው እኔ እንደ ገለባ የደፋሁት፣ ወንፊቱ ላይ የቀረው ነው! እንደገና ወቀጥኩ። አሁን ዱቄቱን ደፍቼ ፍሬውን አጠብኩና ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።

ሲደርቅ ማጣሪያ ሠርቼ ከሷ ቆርቆሮ አጠገብ ዝም ብዬ አስቀመጥኩ። አባቴ ሁለቱንም ሞከረ። አንዱን ደግሞ ሳበና፣ "ይሄኛው ይሻላል። የምራቴ እጅ ይባረክ!" አለ።

የያዘው የኔን ነበር። እጆቼን ዘረጋሁለት፤ ጣቶቼ እስከ ጥፍሬ ሥር ጠቁረዋል።

"አንቺ ነሽ እንዴ? እሰይ የኔ ልጅ! በይ ለሷም አሳዪያት፤ አብራችሁ ትሠሩልኛላችሁ።"

አብራችሁ ማለቱ ደስታዬን ከአፌ ነጠቀኝ። አባት እንቢ አይባልምና አሳየኋት፤ መውቀጡን፣ ማጠቡን፣ ጥጡን መወተፉን። ወንፊቱን ግን ከእጄ አልሰጠኋትም።