እትዬ ሙሉ ከሰል የተዉ ሰሞን

ባለፈው ሳምንት መምህራችን ዓለምን የሚያሞቁትን ጋዞች መቀነስ የምንተነፍሰውንም አየር ያጠራል ሲሉ፣ ክፍሉ በሙሉ አቀርቅሮ ጻፈ። እኔ ግን እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ በሐሳብ ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ገባሁ።

ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከእናቴና ከታናሽ እህቴ ከሰዓዳ ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍል እንኖር ነበር። መስኮታችን ሥር የጎንደሯ ሴት፣ እትዬ ሙሉ፣ ፉል ይሸጣሉ። ሦስት የከሰል ምድጃዎቻቸው ከንጋት ጀምሮ ይጨሳሉ። የፉሉ ሽታ ያስጎመጃል፤ ጭሱ ግን የሰዓዳን አስም ይቀሰቅስባት ነበር። ሐቡብ፣ ያ ቀይ የአቧራ ማዕበል፣ ሲነሳ ደግሞ መስኮቱን ስንዘጋ የገባው ጭስ አብሮን ይታፈናል። እናቴ አል-ጣኢፍ ከሚባለው የካርቱም ሰፈር ሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ የልጇ ደረት ሲር ሲር ሲል ትደርሳለች። የሴትዮዋን እንጀራ አልነካም ብላ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ሌላ ክፍል ትፈልግ ጀመር። በአቅማችን የሚገኝ ግን አልነበረም።

ለእትዬ ሙሉ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት የሰማሁትንም ጨመርኩበት፤ ለከሰሉ ስንት ዛፍ እንደሚቆረጥ፣ ጭሱ ምድርን እንደሚያሞቅ። እሳቸው ግን ደጋግመው የጠየቁኝ ሰዓዳ እንቅልፍ ይወስዳት እንደሆነ ነው። በሳምንቱ አንቡባ፣ የጋዝ ሲሊንደር ማለት ነው፣ ባጃጅ በምትመስለው ሪክሻ ጭነው መጡ።

በመጀመሪያው ጠዋት የለመደ እጃቸው ማራገቢያውን አንስቶ የጋዙን እሳት አጠፋው። ከሁላችን ቀድመው የሳቁት ራሳቸው ናቸው። ጋዙን ዘግተው እንደገና ለኮሱ፣ እንደገና አራገቡ።

አምጃድ የምትባለውን ትንሽ ሚኒባስ ታክሲ የሚነዳው ተፈራ ግን አንዴ ጎርሶ ሳህኑን ገፋ።

«ሙሉዬ፣ ይሄ የሆስፒታል ፉል ነው። ከሰሉን መልሺልን።»

«ጭስ ካማረህ ከአምጃድህ ኋላ ቆመህ ብላ።»

ሰው ሳቀ፤ ተፈራ አኩርፎ ሄደ። ሌሎችም ቀሩ። ወንበሮቹ ባዶ ሲሆኑ እናቴ ልቧ አልቻለም፤ እኛ እንውጣና ከሰልዎን ይመልሱ ብላ ለመነቻቸው።

«ልጅቷ አሁን ደህና እየተነፈሰች የት ነው የምትወስጃት?» አሏት። «ያላ፣ ግቢና ፉልሽን ብዪ።»

ቀስ በቀስ እሳቱን ዝቅ አድርገው ድስቱን ማቆየት ለመዱ፤ ፉሉም እንደ ድሮው ልሞ ይጣፍጥ ጀመር። ደንበኞቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። ተፈራ የመጨረሻው ነበር፤ ለሻይ ብቻ ነው የመጣሁት ብሎ ሁለት ሳህን በላ።

ትናንት ለሰዓዳ ደውዬ ስለዚያ ጊዜ ጠየቅኳት። ፉሉን ታስታውሳለች። ስለ ጭሱ ስነግራት ግን፣ «የምን ጭስ?» አለችኝ። ብዙ ላስረዳት አስቤ ተውኩት። እትዬ ሙሉ የሠሩላት ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ የምታስታውሰው ጭስ የላትም።