ፋኢዛ የቀነሰቻቸው አሥራ ሁለት ፕሮሰሰሮች

ቁጡ ሰው ነኝ፤ ዌስትላንድስ ባለው ቢሯችን ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ስሜ ገብረመድህን ነው። ናይሮቢ ከገባሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ ሲሆን፣ አሥራ አምስቱን ያሳለፍኩት የሌሎች ድርጅቶችን ሲስተም በሚያስተዳድር ዳታ ሴንተር ውስጥ በክፍል ኃላፊነት ነው። ሰው ማመስገን አይሆንልኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ስለ ፋኢዛ ከሊድ አሁን የማወራው ነገር በቀላሉ ከአፌ የወጣ እንዳይመስላችሁ ነው።

ፋኢዛ የተወለደችው በኢትዮጵያ በኩል ባለው ሞያሌ፣ ያደገችው እዚሁ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር ነው። አባቷ አቶ ከሊድ ኢስሊ ውስጥ ጨርቅ ይነግዳሉ። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ እኛ ዘንድ የደንበኞችን ስልክ ለማንሳት ስትቀጠር አልወደዱትም፤ «ሱቁ ውስጥ ቦታሽ አለ» እያሉ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲጎተጉቷት ኖረዋል። እሷም ስድስት ዓመት ሙሉ እምቢ ስትል ኖራለች። የሥራ ፈቃዷም በእኛ ድርጅት ስም የወጣ ስለሆነ፣ ከእኛ ወጣች ማለት ፈቃዱም አበቃ ማለት ነው።

«ሲስተሙ ተንቀራፈፈብን» ብሎ ደንበኛ ሲደውል፣ ሌሎቹ ልጆች አቤቱታውን መዝግበው ስልኩን ይዘጋሉ። እሷ ግን ቦርሳዋን አንግታ ደንበኛው ያለበት ትሄዳለች። ከሠራተኛው ጎን ወንበር ስባ ትቀመጥና፣ ሰውየው ቁልፉን ከተጫነበት ቅጽበት ጀምሮ የሚፈልገው ነገር ስክሪኑ ላይ እስኪመጣ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ በስልኳ ትለካለች። ከሥራ ለማምለጥ ሰበብ የምትፈልግ መስሎኝ አንድ ቀን ጠራኋት።

«ሰርቨሩ ያለው እዚህ! አንቺ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ጋሼ፣ ሰርቨሩማ ሁልጊዜ ‹አይ አም ፋይን› ነው የሚለው» አለችኝ። «ሺዳ፣ ችግር ያለበት ሰውዬው ነው። እሱን ሳላየው እንዴት አውቃለሁ?»

እኔም እንደ ልማዴ ተቆጣሁ፤ እሷም ሰምታኝ ስታበቃ መሄዷን ቀጠለች።

ሥራችንን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ላስረዳ። እኛ ዘንድ አንድ ትልቅ ሰርቨር በሶፍትዌር ተሸንሽኖ ብዙ ኮምፒውተር ሆኖ ይሠራል። እያንዳንዱ ክፋይ ቨርቿል ማሽን ይባላል። ደንበኛው የራሱ ብቻ የሆነ ማሽን ያለው ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን የሰርቨሩን ፕሮሰሰሮች፣ ማለትም ሥራውን የሚያሰሉለትን አንጎሎች፣ ከጎረቤቶቹ ጋር በየተራ እየተካፈለ ነው የሚኖረው። ለየትኛው ማሽን ስንት ፕሮሰሰር ይሰጠው የሚለውን የምወስነው እኔ ነበርኩ። ደንበኛ ካማረረ ደግሞ እጄ አይታጠፍም፤ ሁለት ያለውን አራት፣ አራት ያለውን ስምንት አደርግለታለሁ። እኔ ያደግኩት እንግዳ «በቃኝ» ሲል «በሞቴ» እየተባለ በሚጎርስበት ቤት ነው። ሰው ፊት ያቀረብኩትን መልሼ ማንሳት ነውር ነው የሚመስለኝ።

ባለፈው ዓመት ኪሊማኒ ያለ አንድ ሆስፒታል የፋርማሲው ሲስተም ቀስ በቀስ ይደክምበት ጀመር። ፋርማሲስቷ የሐኪሙን ማዘዣ ለመክፈት አርባ ሰከንድ ትጠብቃለች። በአንድ በሽተኛ አርባ ሰከንድ ምንም አይደለም፤ ሁለት መቶ በሽተኛ ሲሰለፍ ግን ሰዉ እስከ በሩ ይደርሳል። እኔ ለማሽኑ ስምንት ፕሮሰሰር አደረግኩለት፤ ባሰበት። አሥራ ሁለት አደረግኩለት፤ ይባስ አለ። አሥራ ስድስት ሲሆን ሆስፒታሉ ደብዳቤ ጻፈ፦ እስከ ሰኞ ካልተስተካከለ ውሉን እናፈርሳለን። እኔም ሁለት አዳዲስ ሰርቨሮች ይገዙልን ብዬ ማመልከቻ ፈርሜ ለሥራ አስኪያጃችን ላክሁ።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ረቡዕ ረቡዕ እኔና ፋኢዛ ሁርሊንግሃም ወዳለ የሀበሻ ምግብ ቤት አብረን እንሄዳለን፤ እኔ እጾማለሁ፣ እሷ ደግሞ ከክርስቲያን ቤት ሥጋ አትበላም፤ ስለዚህ ሽሮ አንድ ገበታ ላይ ያገናኘናል። ያን ቀን እንጀራውን ቆርሳ ያዘችና ሳትጎርሰው፣

«ጋሼ፣ የፋርማሲውን ማሽን እንቀንሰው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ፕሮሰሰሩን። ከአሥራ ስድስት ወደ አራት።»

ጆሮዬን አላመንኩም። ሰው እየታፈነ ነው ስላት፣ መስኮቱን እንዝጋው የምትለኝ መሰለኝ።

«ተይ፣ አትቀልጂ!»

«አልቀለድኩም።» በመስኮቱ አሻግራ መንገዱን አሳየችኝ። «ያንን ማታቱ፣ ሚኒባሱን ያዩታል? ሁለት ሰው ቢመጣ ሁለት ክፍት ወንበር አያጣም፤ ገብቶ ይሄዳል። አሥር ሆነው ‹አንድ ላይ ካልሆነ አንሳፈርም› የሚሉ ቤተሰቦች ቢመጡስ? አሥር ወንበር ባንዴ እስኪለቀቅ ስቴጁ፣ ፌርማታው ላይ ቆመው ይውላሉ። የፋርማሲው ማሽን እንደዚያ ነው። አሥራ ስድስት ስለሰጠነው ባንዴ ብዙ ቦታ ይፈልጋል። የእውነት የሚሠራበት ግን ከሦስት አይበልጥም፤ የሁለት ሳምንት ሪከርድ አለኝ።»

«እኔ የማየው ግራፍ ላይ ማሽኑ ሥራ እንኳን አልበዛበትም። አሥራ አምስት ፐርሰንት ነው የሚሠራው!»

«ስቴጅ ላይ የቆመ ሰው ምን ሥራ አለው? እርስዎ የሚያዩት ሲሠራ ያለውን ነው። ተራ ሲጠብቅ ያለው ሌላ ቁጥር ነው፤ ማንም ከፍቶት አያውቅም። እዚያ ላይ ደግሞ የእኛ ማሽን የአደጋውን ቀይ መስመር አልፏል።»

ደሜ ፈላ። ነገሩ ስላልገባኝ አልነበረም፤ ስለገባኝ ነበር። ገዝታችሁ አምጡ ብዬ የፈረምኩበት ወረቀት የሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። አሥራ አምስት ዓመት የሠራሁትን ሥራ ስልክ የምታነሳ ልጅ ሽሮ ላይ ታስተምረኛለች።

«ስሚ» አልኳት፣ ድምፄ ከፍ ብሎ አስተናጋጇ ዞር አለች። «መግቢያውን እከፍትልሻለሁ፣ ቅዳሜ ቀንሺው። ከተሳሳትሽ ግን ሰኞ ሥራ አትገቢም። በገዛ እጄ ነው የማባርርሽ።»

ፋኢዛ ፊቷ ቀላ፤ ከዚያ በስዋሂሊ «ሳዋ፣ እሺ» አለች። «ሳዋ፣ ጋሼ። ግን ቅዳሜ እርስዎም ፋርማሲው ይገኛሉ። ቢሮ ተቀምጠው ግራፍ ማየት የለም።»

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ፋርማሲው ውስጥ ከእሷ ጎን ተቀምጬ ነበር። የፋርማሲው ኃላፊ ንጄሪ የምትባል ፈርጠም ያለች ሴት ናት፤ ማሽኑ ጠፍቶ እስኪነሳ ለሃያ ደቂቃ በወረቀት ልትሠራ ተስማማች። ፋኢዛ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ማሽኑን አጠፋች፤ አሥራ ስድስቱን አራት አደረገች፤ አስነሳችው። ጎረቤቶቹ የሆኑትን ማሽኖች ቀደም ባሉት ሁለት ቀናት ባለቤቶቻቸውን አስፈቅዳ አንድ በአንድ በሚሠሩበት ልክ ፕሮሰሰራቸውን ቀንሳ ነበር።

ንጄሪ የመጀመሪያውን ማዘዣ ከፈተች። ፋኢዛ ስልኳ ላይ መቁጠር ጀመረች። ሃያ። ሠላሳ። አርባ። ሃምሳ አንድ ሰከንድ።

«መልሺው!» ብዬ ተነሳሁ። «አሁኑኑ መልሺው! ይኸው፣ ጭራሽ ባሰበት!»

ንጄሪ አማርኛ አትችልም፤ ጩኸት ግን በየትኛውም ቋንቋ ይገባል፣ ከመቀመጫዋ ዞራ አየችን። ፋኢዛ ከስልኳ ቀና ብላ መለሰችልኝ።

«ሃፓና፣ አይሆንም ጋሼ። ማሽኑ ገና አሁን ነው የተነሳው። ሜሞሪው ባዶ ስለሆነ ሁሉንም ነገር ከዲስክ እንደ አዲስ እያነበበ ነው። አሥር ደቂቃ ይስጡኝ። ከዚያ በኋላ ካላማረ፣ እኔው ራሴ መልሼው መታወቂያዬን አስረክብዎታለሁ።»

ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ማዘዣ በሠላሳ ሰከንድ ተከፈተ። አራተኛው በአሥራ ሁለት። ስምንተኛው በአራት። ከዚያ በኋላ ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት ተኩል። እኔ ግን ገና አላመንኩም፤ ቅዳሜ በጠዋት በሽተኛ የለም፣ ባዶ ቤት ማንም ይሮጣል አልኩ። እሷም አልተከራከረችኝም፤ «አራት ሰዓት ላይ እናየዋለን» ብላ መቁጠሯን ቀጠለች።

አራት ሰዓት ሆነ፤ አግዳሚዎቹ ሞሉ፣ ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ ሰዉ ይገፋፋል። ማዘዣው አሁንም በሦስት ሰከንድ ይከፈታል። አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው ተደግፈው መቀመጫ እየፈለጉ ሳለ ስማቸው ተጠራ፤ ተገርመው ቆሙ፣ እንደገና እስኪጠሩም አልተንቀሳቀሱም። ንጄሪ ዞራ በእንግሊዝኛ «በፊት አንዱ ማዘዣ እስኪከፈት ለልጄ መልእክት ጽፌ እጨርስ ነበር፤ ጊዜ አሳጣችሁኝ» ብላ ሳቀች።

ፋኢዛ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ ሁለት እጆቿን ፊቷ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች። እያለቀሰች እንደሆነ አልጠየቅኳትም። የእኔም ዓይን ደህና አልነበረም። ኩራት ኩራት አለኝ፤ የገዛ ልጄ የተመረቀች ዕለት እንኳን እንዲህ አልሆንኩም። ይህን ግን ያኔ ለእሷ አልነገርኳትም፤ «እንግዲህ ሰኞ በሰዓቱ ግቢ» ብቻ አልኳት።

ሰኞ ጠዋት የሆስፒታሉ ሰዎች ቢሯችን መጡ፤ ሥራ አስኪያጃችንም ተገኙ። ፋኢዛ ሪፖርቷን አነበበች። ምክንያቱ ላይ ስትደርስ «ለማሽኑ ቀደም ሲል የተሰጠው መጠን ከሚያስፈልገው በላይ ስለነበር» ብላ አለፈችው። ከሆስፒታሉ ሰዎች አንዱ ግን አላለፈም። «ማነው የሰጠው?» ብሎ ጠየቀ።

ከፋኢዛ ፊት ያለው ፋይል ውስጥ ሦስት ወረቀቶች እንዳሉ አውቃለሁ፦ ስምንት ይሁን፣ አሥራ ሁለት ይሁን፣ አሥራ ስድስት ይሁን የሚሉ፣ ሦስቱም የእኔ ፊርማ ያለባቸው። አንዱን ብድግ አድርጋ ብታሳይ ማንም አይፈርድባትም። እሷ ግን ፋይሉን በእጇ ሸፈነችና «እኛ ነን» አለች። «እንደ ቲም ያደረግነው ነው።»

ረቡዕ ዕለት አባርርሻለሁ ያልኳት ልጅ ናት ይህን ያለችው። አንገቴን እስክደፋ አፈርኩ፤ ከዚያ ተነሳሁ።

«እኛ አይደለም» አልኩ። «እኔ ነኝ። ሦስቱንም ጊዜ እኔ ነኝ። ይቺ ልጅ መፍትሔውን ስትነግረኝ ጮኼባታለሁ፣ ከሥራሽ አባርርሻለሁም ብያታለሁ። አሁን ሥራ አስኪያጁ ባሉበት አንድ ነገር እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ያለ ፋኢዛ ከሊድ ፊርማ የማንም ማሽን አይጨመርም፣ አይቀነስም። የእኔም ጥያቄ ቢሆን።»

ተጻፈ። የሰርቨር ግዢ ማመልከቻዬንም ራሴው አስመልሼ ቀደድኩት።

ሐሙስ ዕለት አንድ የጭነት አስተላላፊ ድርጅት ሲስተማችን ከብዷል ብሎ ደወለ። ልማድ ክፉ ነው፤ ሳላስበው ማሽናቸው እጥፍ ይሁን የሚል ጥያቄ ጽፌ ላክሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መልሱ ለክፍሉ ሁሉ መጣ፦ «አልተፈቀደም። ማሽኑ ገና አልተለካም። ፋኢዛ ከሊድ።»

ልጆቹ ሁሉ አይተውታል። ራሳቸውን ወደ ስክሪናቸው ደፍተው ጩኸቴን ይጠብቃሉ። እኔም ላፕቶፔን አንስቼ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞርኩ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ለያንዳንዳቸው መልሱን አሳየኋቸው።

«አያችሁ?» አልኳቸው። «እምቢ ብላኛለች!»